ጣሊያኑን በጣት የጠራሁበት መንገድ

ጎህ ሲቀድ፣ ደብረ ሲና

በጣሊያን ጊዜ ነው። ያኔ ሸማ እያዞርኩ እሸጥ ነበር። ለአጣዬ ገበያ የያዝኩትን እስር ካሚዮን ላይ አስጭኜ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ፔፔ የሚባል ወፍራም ጣሊያን ነው፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታጥቋል። አማርኛ ይሞክራል፣ ግን ለወንዱም ለሴቱም የሚያውቀው "አንቺ"ን ብቻ ነው። እኔም ከነጢሜ "አንቺ" ተብዬ ጉዞ ጀመርን።

ቁልቁለቱ

ፔፔ በመንገዳችን አዝኗል። በእሱ አገር መንገድ የመኪና ነው አለኝ። እዚህ ግን ሁለት ሰው መሀል መንገድ ላይ ከተገናኘ፣ የቤተሰቡንና የከብቱን ደህንነት ሳይጠያየቅ ንቅንቅ አይልም። አህያው ጡሩምባ ሲሰማ ወደ ዳር በመውጣት ፋንታ ማን እንደመጣ ለማየት ይዞራል። ግመል ደግሞ ጭራሽ ሾፌሩን ይንቃል።

እኔም የእሱን አነዳድ አያለሁ። አንዱ እጁ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ያወራል። ጥምዝ ላይ ሲደርስ ፍሬን በመያዝ ፋንታ ጡሩምባ ይነፋል። ከጎናችን ገደል ነው። ገደሉ ጡሩምባ ሰምቶ ዘወር ይላል ብሎ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ረፋድ፣ ቆላው

ሜዳው ላይ ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ጋቢዬን አውልቄ ተቀመጥኩበት። ግራና ቀኙ ማሽላ ነው። ሸዋ ሮቢት ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን አንድ ሽማግሌ ከግራሮቹ ስር ወጥተው መሀል መንገድ ላይ ቆሙ። መዳፋቸውን ወደ መሬት ደፍተው ኑ፣ ኑ ይሉናል።

ፔፔ ፍሬኑን ረገጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ሂጂ ይላል" አለኝ። "ፊት ሽፍታ አለ።"

ሽፍታ የሚለው አርበኞቹን ነው። ኑ ነው እንጂ ሂዱ አይደለም ብዬ ብነግረው አላመነኝም። በእሱ አገር እጅ እንዲያ ሲወራጭ ሂድ፣ ጥፋ ማለት ነው፤ መጥራት ሲፈልጉ መዳፍ ወደ ላይ ነው። ሽጉጡን አውጥቶ ጭኑ ላይ አኖረ። ቢተኩስ የጣሊያን ጦር መጥቶ የዚያን ሰፈር ጎጆ ሁሉ አመድ እንደሚያደርገው በዚያ ዘመን የማያውቅ የለም። ወርጄ ልጠይቃቸው ብዬ ለመንኩት። ደህና ከሆነ በእጅ ምልክት እንድሰጠው አዘዘኝና አወረደኝ።

ሽማግሌው ጋሽ ሁሴን ይባላሉ። ልጃቸው ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ቃሬዛ ላይ ተኝታለች፣ ሴቶች ከበዋታል፣ ሐኪሙ ያለው ሸዋ ሮቢት ነው።

"ወላሂ፣ በሸክም ብንሄድ አትደርስልኝም" አሉኝ።

ወደ ፔፔ ዞሬ ና አልኩት፣ በእጄ። ካሚዮኑ ወደ ኋላ ሄደ። ባሰብኝና በሁለት እጄ ጠራሁት። ይበልጥ ፈጥኖ ወደ ኋላ ሄደ፤ አቧራው ሊውጠው ነው።

"ልጄ፣ እየጠራኸው ነው ወይስ እያባረርከው?" አሉኝ ጋሽ ሁሴን።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለካ እኔም መዳፌን ደፍቻለሁ! አሁን የቀረኝ እጄን ገልብጬ በጣት መጥራት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ እንዲያ የሚጠራ ውሻ ነው። ጣሊያንን፣ ያውም ሽጉጥ የያዘን ጣሊያን፣ ሰው ፊት እንደ ውሻ ልጥራ? ቃሬዛው ላይ ያለችው ልጅ አቃሰተች። እጄን ገለበጥኩና ጣቴን አጠፍ ዘርጋ አደረግሁ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ፔፔ ፈገግ ብሎ መጣ።

ቀትር፣ ሸዋ ሮቢት

የሸማውን እስር ፈትተን ካሚዮኑ ላይ አነጠፍንላት። ፔፔ ነገሩን ሲያይ አላቅማማም፤ ሽጉጡን ወደ አፎቱ መልሶ በሁለት እጁ መሪውን ያዘ። ጡሩምባ የለም፣ ወሬ የለም። አንድ ሲራራ ነጋዴ ከነግመሎቹ ቀድሞን አለፈ፤ ፔፔ ዳር ይዞ አሳለፈው።

ሐኪም ቤቱ ስንደርስ ሴቶቹ ተሸክመዋት ገቡ። እኛ በር ላይ ቀረን። ጋሽ ሁሴን ያዩትን የጣት ነገር ለሰው እንዳይነግሩብኝ ለመንኳቸው። እሳቸው ዝም ቢሉልኝም ሴቶቹን ማን ዝም እንደሚያሰኝ ጠየቁኝ። ከዚያም ዱዓቸውን ጀመሩ።

ሕፃን አለቀሰ። ደስ አለን፣ ግን የእናቲቱ ድምፅ አይሰማም። ጋሽ ሁሴን ከንፈራቸው መንቀሳቀሱን ተወ። እኔም መሬት መሬት አየሁ። ፔፔ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል።

ከዚያ ከውስጥ የደከመ የሴት ድምፅ መጣ።

"ያ ዕውር ፈረንጅ የታለ? አንድ ጉድጓድ እንኳ ሳያስቀር! ወገቤን ሰበረው እኮ፣ ወገቡን ይስበረው!"

"ምን አለች?" አለኝ ፔፔ።

"አላህ ይስጥልኝ ብላሃለች።"

ፔፔ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ በሩ እጅ ነሳ። ጋሽ ሁሴን ግድግዳውን ተደግፈው "ስደቢ ልጄ፣ ስደቢው" እያሉ አለቀሱ።