ለሞጣዋ ሙሽራ የሠራሁት ፊደል

ቢቸና በከፈትኳት የጽሕፈትና የኅትመት ቤት ሥራ ሲቀዘቅዝ ፊደል እሥል ነበር። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ፎንት መሥሪያውን ፕሮግራም እየነካካሁ ነው የለመድኩት። መልኩን የወሰድኩት ከደብራችን የብራና መጻሕፍት ነው። በመቃ ብዕር የተጻፈ ፊደል ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ ውበቱም እዚያ ልዩነት ላይ ነው። እያንዳንዱን ፊደል ስክሪኑን እስኪሞላ አሳድጌ፣ ወፍራሙን አወፍሬ፣ ቀጭኑን ይበልጥ አቅጥኜ ሠራሁት።

ፊደሉ ሲያልቅ መጀመሪያ የፈለገችው ቢቸና የምታስተምር የሞጣ ልጅ ናት። ልታገባ ነው።

«የሁሉም ሰው የጥሪ ካርድ አንድ ዓይነት ሆነ። የእኔ ይለይልኝ» አለችኝ። ናሙናውን አይታ ወደደችው። «ግን አባባ እሺ ማለት አለባቸው። ጠሪው እሳቸው ናቸው።»

የወራት ልፋቴ ሰው እጅ መግባቱ በእኒህ አባት ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

ለሙከራ አንድ ካርድ አትሜ፣ ቅዳሜ አብረን ሞጣ ሄድን። አባቷ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ካርዱን ክንዳቸውን ዘርግተው ያዙት። በትልቁ የተጻፈውን የሙሽሮቹን ስም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ቦታውና ሰዓቱ በትንሹ ወደተጻፈበት ሲወርዱ ግን ቆሙ።

«ልጄ፣ ቤት ብትሠራ እንዲህ ነው የምትሠራው?»

«እንዴት አባቴ?»

«ምሰሶው ቆሟል፤ ማገሩ የታለ?»

ልጃቸው ሳቀች። «አባባ፣ መነጽርዎን ያድርጉ እንጂ።»

«አድርጌያለሁ እኮ! አንቺ ደግሞ ከታጨሽ ወዲህ ፊቴንም አታዪም።»

ካርዱን ተቀብዬ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ስክሪን ሙሉ አድርጌ የሣልኩት ቀጭን መስመር፣ ፊደሉ አንሶ ሻካራው ካርቶን ላይ ሲታተም ጠፍቷል። የብራናው ፊደል ትልቅ መሆኑን እንዴት ሳላስብ ቀረሁ?

«ረቡዕ ቢቸና እመጣለሁ» አሉ። «ያኔም ካልተነበበልኝ በተለመደው ይታተም።»

ለስሞቹ የሠራሁትን አልነካሁትም። ለትንሹ ጽሑፍ ብቻ ሌላ ፊደል ሠራሁ፤ ቀጭኑን መስመር ትንሽ አወፈርኩት፣ በፊደላቱ መካከልም አየር ጨመርኩ። በዚህኛው ስክሪኑን አላመንኩም። እያተምኩ፣ ግድግዳ ላይ እየለጠፍኩ፣ ራቅ ብዬ እያየሁ አስተካከልኩት።

ረቡዕ መጡ። እንደቆሙ ካርዱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች፣ ቦታውን ከነሰዓቱ፣ ሳይደናቀፉ አነበቡት። ፎቶኮፒ ሊያስነሳ ተራ የሚጠብቅ ገበሬ አንገቱን ቀና አደረገ።

«አባቴ፣ እኔንም ጠሩኝ ማለት ነው?»

«ሰማህ አይደል? ከሰማህማ ተጠራህ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «በል አትም።»

ገበሬው ፎቶኮፒውን ተወና ከማሽኑ አጠገብ ቆመ። የመጀመሪያው ካርድ ሲወጣ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ እያለበት ወጣ።