ቁጠሪያቸው

ወንድምና እህቶቻችሁን ድምፃችሁን አውጥታችሁ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ለአንደኛ ደረጃ የሂሳብ ትምህርት ገንዘብ ለሚሰጥ ፈረንጅ አስተርጓሚ ሆኜ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ራቤል ከተማ አጠገብ ወዳለው የትውልድ መንደሬ ሄድኩ። ጉም በመስኮት ገብቶ የመማሪያ ክፍሉን ሞልቶታል። ልጆቹም፣ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት ወላጆችም በእንቅልፍ ልቤ የማያቸው ይመስሉ ነበር።

ፈረንጁ አንዲት ልጅ አስነሣና «ስንት ወንድምና እህት አለሽ?» አላት። ዝም። «በጎቻችሁስ ስንት ናቸው?» አሁንም ዝም።

«መቁጠር አላስተማሯቸውም፤ ገንዘቡን ለሌላ ትምህርት ቤት እንሰጠዋለን» አለ። ተረጎምኩት።

ርዕሰ መምህሩ ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ። «ኧረ እማማ፣ መምህሩን የቀጠርነው በዚሁ ገንዘብ ነው! ሰውና ከብት በቁጥር ከተጠራ ያልቃል ስለሚባል ነው ዝም ያለችው። እባክዎ ያስረዱልን!»

ይህን ግን አልተረጎምኩትም። ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ወጣ።

«ቁጠሪያቸው የኔ ልጅ! ገንዘቡ ከሚቀርብን ቁጠሪያቸው! ምንም አይሆኑም!»

ልጅቷ ቀስ ብላ «አምስት» አለች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ።

ድምፁን አወቅሁት፤ የታላቅ ወንድሜ ነው። ልጅ ሳለሁ፣ በትምህርት ቤት የለመድኩትን ቁጥር በታናናሾቻችን ላይ ሞከርኩት። በዚያው ዓመት ሁለቱን ኩፍኝ ሲወስዳቸው «ቆጥራ ጨረሰቻቸው» ብሎ ከቤት ያስባረረኝ እሱ ነው።

ጉሙን በእጁ እየዳሰሰ መጥቶ ፊቴን አስተዋለ። «አንቺ ነሽ እንዴ? እህት ዓለም፣ ይቅር በይኝ።»

እሱንም፣ ያጨበጨቡትንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።