የሳሎኔ ግድግዳና የእናቴ ፎቶ

መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለው ቤቴ የጭቃ ነው። በጭቃ ቤት ፎቶ የሚሰቀለው ሰው በፈለገበት ሳይሆን ቤቱ በፈቀደበት ነው፤ ሚስማሩ ከምርጊቱ ሥር ያለውን እንጨት ካላገኘ ፍሬሙም ጭቃውም አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ አምና ሳሎኔን በቤተሰብ ፎቶ ላስውብ ብዬ ስነሳ፣ የመጀመሪያው ሥራዬ ግድግዳውን በጣቴ እያንኳኳሁ እንጨቱን መፈለግ ሆነ። ጎረቤቴ በመስኮት አየችኝና «ማሎ፣ እባክሽ ማን ይክፈትልሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ፍሬሞቹን ምንጣፍ ላይ ደረደርኩ። በየልካቸው ጋዜጣ ቆርጬ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ። ራቅ ብዬ አየሁ፣ አነሳሁ፣ መለስኩ፣ ደግሞ አነሳሁ። ከመታወቂያው ላይ ወጥቶ የጎላው የአባቴ ፎቶ፣ የልጆቼ ምርቃት፣ የአጎቴ ሠርግ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። መሃሉን ግን፣ ጠንካራው ቋሚ ያለበትን፣ ለእናቴ ተውኩት።

እናቴ በሕይወቷ አንድ ፎቶ ብቻ ነው የተነሳችው። ለኢድ ጅሬን ኮረብታ ወጥተን ሳለ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ፎቶ አንሺ ያነሳን ነው፤ እሷ መሃል፣ ታላቅ እህቴና እኔ ግራና ቀኝ። እናታችን ስትሞት ፎቶውን እህቴ አጋሮ ወዳለው ቤቷ ይዛው ሄደች። ደወልኩላትና አባዝቼ እንድመልስላት እንድትልክልኝ ለመንኳት።

«አቃጥዬዋለሁ» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«ምስል የተሰቀለበት ቤት መላኢካ አይገባም፣ አታውቂም እንዴ? ወላሂ፣ በገዛ እጄ ነው ያቃጠልኩት።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። አለቀስኩ፣ ከዚያ ተሳደብኩ፣ ከዚያ እንደገና አለቀስኩ። ግን አመንኳት። እህቴ በሌላው ብትቀልድ በወላሂ አትቀልድም፤ ገበያ ላይ ነጋዴ በከንቱ ሲምል ከሰማች ዕቃውን ጥላ የምትሄድ ሴት ናት። ሃይማኖቷ ነው፣ ምን ላድርጋት ብዬ ዋጥኩት። በመሃሉ ቦታ የቁርኣኑ አያተል ኩርሲ የተጻፈበት ሰሌዳ ሰቀልኩ። ያማረ ሰሌዳ ነው፣ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። እኔ ግን የእናቴን ፊት በሐሳቤ ልይዝ ስሞክር ዓይኗ ሲመጣ አፏ ይጠፋብኛል፣ አፏን ሳገኝ ዓይኗን አጣለሁ። እየረሳኋት እንደሆነ ገባኝና ፈራሁ።

በቡና ለቀማው ሰሞን እህቴ ታማለች ሲሉኝ ቂሜን ትቼ በሚኒባስ አጋሮ ገባሁ። ግቢዋ ሙሉ ቡና ተሰጥቷል፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። እሷ መኝታ ክፍሏ ተኝታ በብርድ ትንቀጠቀጣለች። ሳልጠየቅ፣ ብርድ ልብስ ልጨምርላት ብዬ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ።

«ተይው!» ብላ ጮኸች። አልደረሰችም።

እናቴ በበሩ የውስጥ በኩል ተሰቅላለች። ወርቃማ ፍሬም ገዝታላታለች። እህቴ አጠገቧ ቆማለች። እኔ የለሁም። ወረቀቱ በመቀስ ተቆርጦ፣ እኔን የያዘኝ የእናቴ እጅ አንጓው ላይ ቀርቷል።

ባዳ ቢያደርገው እችለው ነበር። ይቺ ግን የእናቴ ልጅ ናት፤ አንድ ጡት የጠባን፣ ስታመም ያዘለችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

ትራሱን ተደግፋ ተቀመጠች። «አንቺ እስክትሞት አብረሻት ኖርሽ» አለች። «እኔን ጡቴ ሳያጎጠጉጥ ነው የዳሩኝ። የኔ ብቻ የሆነች እናት አማረችኝ።»

ልታሳዝነኝ ምንም አልቀራትም ነበር። መሐላዋን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ፊቷን ጠልቼ ያደርኩባቸው ሌሊቶች፣ አምኜ የተጽናናሁባቸው ወራት፣ ሁሉም በዚያች አንዲት ቃል ነው።

«ወላሂ ብለሽኝ!» አልኳት። «በአላህ ስም በውሸት ምለሽልኝ!»

ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም።

«በውሸት አልማልኩም» አለችኝ። «ያቃጠልኩት ያንቺን በኩል ነው።»