ሲኒማ ቤት ሰው ያጣው ፊልም

ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ ዛሬ ትንሽ ተሽሏቸዋል። ልጃቸው አልማዝም ከሐዋሳ መጥታ እያስታመመቻቸው ነው።

አጠገባቸው ስቀመጥ እጄን ይዘው፣ «አንቺ ልጅ፣ ያን ቀን ያያችሁት ፊልም ምን ነበር?» አሉኝ። ክው አልኩ።

በደርግ ጊዜ ነው። ብልግና የበዛበት ኮሜዲ ነበር። ሲኒማ ቤት ሲታይ ሳንሱር ቆራርጦት ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ያልተቆረጠው ካሴት ኮልፌ ሲደርስ ግን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ።

ባለቤቱ «ሳቃችሁ ቀበሌ ድረስ ይሰማል!» እያለ ሲቆጣን፣ እኛ ሴቶቹ ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ጠቅጥቀን እንስቃለን። ወይ ጨዋነት!

የእትዬ በላይነሽ ልጅ ግርማም ነበር። ወጣት ለጦርነት የሚታፈስበት ጊዜ ስለነበር ከቤት ሳያስወጡት ከርመዋል። የዚያን ቀን «ትንሽ ይዝናና» ብለው የላኩት ራሳቸው ናቸው።

ፊልሙ ሳያልቅ አብዮት ጠባቂዎች በሩን ከበቡት። ሴቶቹን አስወጡን፤ ወንዶቹን መኪና ላይ ጫኗቸው። ግርማ በዚያው ቀረ።

«የሚያስቅ ፊልም ነበር» አልኳቸው።

«እሱስ ስቆ ነበር?»

«ከሁላችንም በላይ፣ እትዬ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በእናንተ ሰፈርስ ፊልም ሊያይ ወጥቶ የቀረ ማን ነበር? እስቲ ስሙን ጻፉልኝ።