ኤልሳቤጤ ይሉኝ ነበር

ልጅ ሳለሁ ስለ ስሜ ሁሉም የየራሱ አስተያየት ነበረው። አባቴ ከመጽሐፍ ቅዱስ መርጦ ኤልሳቤጥ አለኝ። በከተማችን ባህል አዳራሽ አካባቢ የነበረው የግል ትምህርት ቤቴ ኤልዛቤዝ ብሎ መዘገበኝ፤ እናቴም «የፈረንጁ ይሻላል፣ ለወደፊት ይጠቅማታል» ባይ ነበረች። አያቴ፣ አባባ የምንላቸው፣ ግን «ኤልሳቤጤ» ይሉኝ ነበር። አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ስለነበር እንደ ቋንቋቸው ስሙን በአናባቢ ካልጨረሱት አይሆንላቸውም ነበር።

አባባ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል በአትክልተኝነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከግቢያችን ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር የከሰል ምድጃቸውን ደጃፍ ላይ ያወጡና፣ ፋኖሱን ከበሩ ጎን ሰቅለው፣ በሲዳምኛ የሰሙትን ተረት ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ቃል እየፈለጉ ያወሩልኝ ነበር። በተረታቸው ሁሉ ጅቡን የምታታልለው ልጅ ስሟ ኤልሳቤጤ ነው። ሌላ ስም ያላት ጎበዝ ልጅ በዓለም ላይ ያለች አይመስለኝም ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ሦስት የክፍሌ ልጆች ለቡድን ሥራ ቤታችን መጡ፤ ሲመሻሽ መብራት ጠፋ። አባባ ሰሚ በመብዛቱ ደስ ብሏቸው ከሰሉን አራገቡና ጀመሩ። «ኤልሳቤጤም ጅቡን እንዲህ አለችው» ሲሉ ልጆቹ ተያይተው በሳቅ ፈነዱ። አንዷማ «ኤልሳቤጤ! ኤልሳቤጤ!» እያለች ሆዷን ያዘች። በአባባ አፈርኩ።

«አባባ፣ ስሜን መጥራት ካልቻሉ አይጥሩኝ!» አልኳቸው።

ፍሙን ትንሽ ነካኩ። «እሺ» አሉና ተረቱን ጨረሱት፤ ከዚያ በኋላ ጅቡን ያታለለችው ግን «ልጅቷ» ነበረች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር። ብቻቸውን ተቀምጠው «ኤልዛ... ቤስ... ቤዜ...» እያሉ ይለማመዳሉ፤ በወለቀው ጥርሳቸው በኩል ትንፋሹ ያመልጣቸዋል። ገብቼ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አልገባሁም፤ ይባስ ብዬ በቻሉት ብዬ ተመኘሁ።

አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ መብራት ቢጠፋም ምድጃው ደጅ አልወጣም። «አንቺ ልጅ» ይሉኝ ጀመር፣ በጥንቃቄ፣ የባዕድ ልጅ እንደሚጠራ። በመጨረሻ ታመው ሆስፒታል በተኙ ጊዜም አክስቴን «ልጅቷ መጣች?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። አልመጣሁም፤ ፈተና አለብኝ ብዬ ነበር።

ዛሬ የባንክ ደብተሬ ኤልሳቤጥ፣ የሥራ መታወቂያዬ ኤልዛቤዝ ይላል። ቢሮ ውስጥ ትክክሉ የቱ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ አንዱ ግዕዝ ይጠቅሳል፣ ሌላው እንግሊዝኛ። እንደፈለጋችሁ እላቸዋለሁ።

ባለፈው መብራት ጠፍቶ ልጄ ተረት አውሪልኝ አለች። የማውቀው የአባባን ብቻ ነው።

«ልጅቷ ስሟ ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ኤልሳቤጤ» አልኳት። ከአፌ የወጣው ግን የአባባ አጠራር አልነበረም፤ ያች የክፍሌ ልጅ ሆዷን ይዛ ስትስቅ የጠራችው ነበር።