የአክስቴ ኮረሪማ

ዛሬ ሚዛን ከተማ ገበያ ውስጥ ክር ላይ የተሰካ ኮረሪማ ሸተተኝና ቆምኩ።

ልጅ ሆኜ ቴፒ ገበያ አክስቴ እንዲህ ሰክታ ትሸጥ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ፖሊሶች ቡና ነጋዴዎችን በመግደል አገር ያወቀውን ሽፍታ አስረው አመጡት። "ሲገድል ያየ አለ?" ሲሉ ገበያተኛው ሁሉ አቀረቀረ። አክስቴ ግን ብድግ አለች።

"እኔ አይቻለሁ።"

ቀሚሷን ጨምድጄ፣ "እትዬ፣ ወንድሞቹ ይገድሉሻል!" አልኳት።

"ሲገድለው ያየሁት ነጋዴ ደንበኛዬ ነበር። አላየሁም ብዬ ነገ እዚህ እንዴት ልቀመጥ?" አለችና የኮረሪማውን ክር አንገቴ ላይ አጠለቀችው። "እስክመለስ ሽጪ" ብላኝ ተከትላቸው ሄደች።

"በፌስታል ላድርግልሽ?" አለችኝ የሚዛኗ ሻጭ ሂሳቧን ተቀብላ።

"አይ፣ አንገቴ ላይ አጥልቂልኝ።"

ለምስክርነት የተጠራሁበት ፍርድ ቤት ከገበያው ማዶ ነው። ጎረቤቴን የገደለው ሰው ወንድሞች በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። በመሃላቸው አልፌ ገባሁ።