የብርቄ ሰሃን

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ አዲስ ቤት ገብታ ጠርታን ነበር። ሌሎቹ ትሪውን ከበው ሲቀመጡ ለእኔ ብቻ በሰሃን አድርጋ አመጣችልኝ። «አክስቴ፣ እንዳይጨናነቁ ለብቻዎ ይሻላል ብዬ ነው» አለችኝ። በአክብሮት ነው። እኔ ግን ሰሃኑን እንደያዝኩ ሐሳቤ ናዝሬት ገባ፤ ከአክስቴ ግቢ፣ ከፓፓያው ሥር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ታናናሾቼን ሳሳድግ ቆይቼ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ማርክ ያስጎመጀዋል። የደብተሬ መስመር ትንሽ ዝንፍ ካለ ገጹን ገንጥዬ እንደገና እጽፍ ነበር። ልጆቹ «እትዬ ዘነቡ» ይሉኛል፤ ግማሹ አክብሮ፣ ግማሹ አሹፎ።

የጂኦግራፊ መምህራችን ሦስት ሦስት አድርገው መደቡንና የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ከነተራሮቻቸው በጭቃ ቅርጽ እንድንሠራ አዘዙን። ለእኔ የደረሱኝ መሠረትና ብርቄ ነበሩ። መሠረት የነጋዴ ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ጎበዝ፣ አፏ ግን የማያርፍ። ከክፍሉ አትላስ ያላት እሷ ብቻ ነበረች። ብርቄ ከከተማው ዳር የምትመጣ፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ናት። እናቷ ሸክላ ሠሪ እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን።

ቅዳሜ ጠዋት ብርቄ ጭቃውን በጋሪ ጭና ወደ አክስቴ ግቢ አመጣች። ጥቅምት ነበር፤ የናዝሬት ንፋስ አቧራውን ማንሳት ጀምሯል። የተሰበረ ገል ወቅጣ፣ ነፍታ ከጭቃው ጋር ለወሰችው። «እንዲህ ካልሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል» አለችኝ። መሠረት ከአትላሱ ታነባለች፣ እኔ በማስመሪያ እለካለሁ፣ ብርቄ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ ሻላን በአውራ ጣቷ እየተጫነች ታወጣቸዋለች። አንድም ጊዜ ማረም አላስፈለገኝም። እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም።

እኩለ ቀን ላይ አክስቴ ሽሮና ቃሪያ በትሪ አቅርባ፣ በኦሮምኛዋ «ኮታ! ኑ ብሉ!» ብላን ወደ ጓዳ ገባች። ብርቄ እጇን ታጥባ ስትመጣ መሠረት ትሪውን ወደ ራሷ ሳበችው።

«እኔ ከሷ ጋር አልቆርስም።»

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«አታውቂም እንዴ? ቡዳ ናቸው እኮ! በዓይናቸው ነው የሚበሉሽ።»

«በውይይት ክበቡ የተባለውን ረሳሽው? እንዲህ ማለት ተከልክሏል።»

«ማለቱ ተከለከለ እንጂ መብላቱን ትተዋል ያለሽ አለ?» ብላ ሳቀች። «እሷ ከቀረበች እኔ እሄዳለሁ። አትላሴንም ይዤ ነው የምሄደው።»

ገና ሁለት ሐይቅ ይቀረን ነበር። አትላሱ ከሄደ ልኬቴ ከንቱ ነው። ብርቄ ከእጇ ውሃ እየተንጠባጠበ ቆማ ታየኛለች። ትልቋ እኔ ነኝ፤ ግቢውም የአክስቴ ነው። ተነስቼ ጓዳ ገባሁ፣ ሰሃን አመጣሁ፣ እንጀራ አድርጌ ሽሮ ጨለፍኩበትና ሰጠኋት። እንዲያውም ቃሪያውን ለሷ አበዛሁላት። ጠብ ያበረድኩ መስሎኝ ነበር።

ብርቄ ሰሃኑን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ጥቂት አየችውና መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ጠግቤያለሁ፣ እትዬ» አለች።

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ወደ ሥራዋ ተመልሳ የቀሩትን ሐይቆች አወጣች፤ የሻላን ዳር በእርጥብ ጣቷ አለሰለሰች፤ ቅርጹን በእርጥብ ጆንያ ሸፈነችው። «ፀሐይ እንዳይነካው» ብላን ሄደች።

ቅርጹ አልተሰነጠቀም። ከክፍሉ አንደኛ ወጣን። መምህሩ ስማችንን ሲጠሩ ብርቄ ቀና አላለችም። ከዚያ ወዲህ ስታገኘኝ «ዘነቡ» ነበር የምትለኝ፤ እትዬዋን ትታዋለች። ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል ሳማርጥ፣ ሳስተካክል፣ ሰኔ ደረሰ። በመስከረም አልተመለሰችም። ከእናቷ ጋር ሻሸመኔ ገቡ አሉ።

መሠረት ልጅ ነበረች፤ ቤቷ የሰማችውን አምና ተናገረች። እኔ አላመንኩበትም። ሰሃኑን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ።

እሑድ ዕለት ከወንበሬ ተነሳሁና ሰሃኔን ትሪው ላይ ገለበጥኩት።

«ምነው አክስቴ፣ ቅር ያሰኘዎት ነገር አለ?» አለች የወንድሜ ልጅ ደንግጣ።

«ጠጋ በሉልኝ» አልኳቸው። ጠጋ ጠጋ አሉልኝ።

ያን ቀንም ከእኔ የሚጠበቀው ከዚህ የበለጠ አልነበረም።